በሰው አገር የደከሙበት እንዳይቀር

ሰው ከአገሩ ወጥቶ በሰው አገር ሲሠራ ቤተ ሰቡ ዘወትር የሚጠይቀው ስለ ጤንነቱና ስለሚልከው ገንዘብ ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ ዳሩ ግን ከሁለቱ ጥያቄዎች ቀጥሎ መምጣት ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም «የደከምህበትን የሚመሰክርልህ ወረቀት የት ነው?» የሚለው ነው። በየወሩ በእጅ የሚገባው ደመወዝ የሥራው ዋጋ ሁሉ አይደለምና። ከደመወዙ ላይ ስለ ግብርና ስለ ጡረታ ተቀንሶ በመንግሥት መዝገብ የገባውም ድርሻ የዚያው የላብ ፍሬ ነው። ከዚህ ውስጥ ለሠራተኛው ሊመለስለት ወይም በእርጅናው ሊከፈለው የሚገባ አለ፤ ነገር ግን ባለቤቱ በጊዜው ካልጠየቀው ፈልጎ የሚያመጣለት ሰው የለም። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ስለዚሁ ጉዳይ ከአንባቢዎቻችን ጋር ጥቂት ልንመካከር ወደድን።

ነገሩን ከያዮ ተነሥተን እንመልከተው። ከበደሌ ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ያዮ የቡና አገር ናት። በደኗ ጥላ ሥር ቡና በተፈጥሮው የሚበቅልባት በመሆኗ፥ የያዮ የቡና ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ዘንድ በዓለም ከሚጠበቁት የባዮስፌር ክልሎች አንዱ ሆኖ ተመዝግቧል። ይሁን እንጂ ቡና ያላት አገርም ብትሆን ልጆቿን ሁሉ በደጇ አታስቀምጥም፤ ከያዮም፥ ከመቱም፥ ከጎሬም ወጥተው በዐረብ አገር፥ በአውሮፓና በአሜሪካ የሚሠሩ አሉ። ወላጆቻቸውም በዚህ ሆነው ቡናውን እየለቀሙ የስልኩን ድምፅ ይጠብቃሉ።

ኢሉባቦር በባዕድ አገር የሚኖርን ሰው ችግር ከቀድሞ ጀምሮ ታውቀዋለች። በ1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል በባሮ ወንዝ ዳር በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ እንዲቆም ከተፈቀደ በኋላ፥ የዚህ አገር ቡና ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ወራት በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይወርድ ነበር። በጎሬም የእንግሊዝ ቆንስል ተቀምጦ ነበር። በዚያ ዘመን ከአገሩ ርቆ በጎሬ የሚኖር እንግሊዛዊ ጉዳይ ሲገጥመው ወረቀቱን ይዞ ወደ ቆንስሉ ይሄድ ነበር። ዛሬ ደግሞ ተራው ተለውጦ የኢሉባቦር ልጅ በለንደን ወይም በበርሊን ወረቀቱን ይዞ ይሰለፋል። ዘመኑ ቢለወጥም ፍርዱ አልተለወጠም፤ በሰው አገር የሰው መብቱ የሚጸናው በጽሑፍ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ማስተዋል የሚገባው የመኖሪያ ፈቃድ፥ ግብርና ጡረታ ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን ነው። ሕጋቸውም መሥሪያ ቤታቸውም ለየብቻ ነው። ብዙ ሰው ግን ሦስቱን እንደ አንድ ይቆጥርና፥ «የመኖሪያ ፈቃዴ ጊዜው ስላለፈ ሁሉ ነገር አበቃ» ብሎ ተስፋ ቆርጦ ይቀመጣል። ሌላው ደግሞ በተቃራኒው፥ «ይህን ያህል ዓመት ግብር ከፍያለሁና ፈቃዴን የሚነካብኝ የለም» ብሎ ይዘናጋል። ሁለቱም ተሳስተዋል።

የመኖሪያ ፈቃድ የሚጠፋው በመቅረት ነው። በእንግሊዝ አገር ያለ ጊዜ ገደብ እንዲኖር የተፈቀደለት የውጭ ዜጋ በተለመደው ሥርዓት ከሁለት ዓመት በላይ በተከታታይ ከዚያ አገር ውጭ ከቆየ ፈቃዱ ይሻርበታል። በጀርመን ግን ጊዜው ያጠረ ነው፤ አስቀድሞ ረዘም ያለ ጊዜ ካላስፈቀደ ወይም ሕጉ ለይቶ ከጠቀሳቸው ሰዎች መካከል ካልሆነ በቀር፥ ከስድስት ወር በላይ በውጭ የቆየ ሰው ቋሚ ፈቃዱን እንኳ ያጣል። እንግዲህ የታመመች እናቱን ሊያስታምም ወደ ያዮ የመጣ ልጅ «ቡናው እስኪለቀም፥ እኅቴ እስክትዳር» እያለ ሲዘገይ ፈቃዱ በእጁ ላይ ሊሞትበት ይችላል። ቤተ ሰብም ልጁን በፍቅር ሲያቆየው ይህን ቀን አብሮ መቍጠር አለበት። ነገር ግን ፈቃዱ ቢሻርም በዚያ አገር የሠራበትና የጡረታ መዋጮ የከፈለበት ዘመን አብሮ አይሻርም።

ስለ ግብር መመለስ የእንግሊዝን አገር ሥርዓት ለምሳሌ እንውሰድ። በዚያ አገር የግብሩ ዓመት የሚጀምረው በእነርሱ አቆጣጠር አፕሪል 6 ቀን፥ በእኛ መጋቢት 28 ቀን ነው። ለአብዛኛው ሠራተኛ ከዓመቱ ገቢ ውስጥ 12 ሺህ 570 ፓውንድ ከግብር ነፃ ሆኖ ይታሰብለታል፤ ይህ ልክ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የቆየ ነው። ይኸው ነፃ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየወሩ ተከፋፍሎ ይታሰባል። ስለዚህ በዓመቱ አጋማሽ ሥራውን ትቶ ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው ግማሹ ብቻ ይታሰብለትና የቀረው 6 ሺህ 285 ፓውንድ ሳይታሰብለት ይቀራል። እንዲህ ሲሆን ከሚገባው በላይ ግብር ከፍሏል ማለት ነው። ከሥራ ሲለቅ አሠሪው የሚሰጠውን «ፒ 45» የተባለውን ወረቀት ይዞ፥ ከአገር ለሚወጡ ሰዎች የተዘጋጀውን «ፒ 85» የተባለውን ቅጽ ቢሞላ ትርፉ ይመለስለታል። ወዲያው ያልጠየቀ ሰውም የግብሩ ዓመት ካለቀ በኋላ አራት ዓመት ጊዜ አለው፤ ከዚያ ወዲያ ግን በሩ ይዘጋል።

ጡረታ ከግብር የተለየ ጠባይ አለው። እ.ኤ.አ. ከአፕሪል 2016 ወዲህ የእንግሊዝ መንግሥት የጡረታ ዕድሜ ላይ የሚደርስ ሰው አንዳች ነገር ለማግኘት ቢያንስ 10፥ ሙሉውን ለማግኘት ደግሞ በአብዛኛው 35 የመዋጮ ዓመታት ሊኖሩት ይገባል። ከ10 ዓመት በታች የከፈለ ሰው «ያዋጣሁትን መልሱልኝ» ቢል አይመለስለትም። ጡረታውን ያገኘ ሰው ኢትዮጵያ ሆኖ ሊቀበለው ይችላል፤ ነገር ግን በእንግሊዝ ለሚኖሩት ጡረተኞች በየዓመቱ የሚደረገው ጭማሪ በኢትዮጵያ ለሚኖር አይደረግም። መቀበል በጀመረበት ልክ ባለበት ይቆማል። በያዮ ቤት ሠርቶ በዚህ ገንዘብ ሊኖር ያሰበ ሽማግሌ ይህን አውቆ መተለም አለበት።

የጀርመን ሥርዓት ደግሞ ሠራተኛውን ምርጫ ላይ ያቆመዋል። በዚያ አገር ለአምስት ዓመት መዋጮ የከፈለ ሰው ዕድሜው ሲደርስ ጡረታ የማግኘት መብት አለው፤ እ.ኤ.አ. ከ1964 ወዲህ ለተወለዱት መደበኛው ዕድሜ 67 ነው። ከአውሮፓ ኅብረት አገሮች ወጥቶ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰ ኢትዮጵያዊ ግን የግዴታው መዋጮ ከተቋረጠ 24 ወር ሲሞላው ያዋጣው እንዲመለስለት ሊጠይቅ ይችላል። የሚመለሰው ግን የራሱ ድርሻ ብቻ ነው፤ አሠሪው የከፈለለት ግማሽ በዚያው ይቀራል። ገንዘቡን ከተቀበለም በኋላ የቀድሞው ዘመን ሁሉ ይሰረዛል። እንግዲህ ለቤት ቆርቆሮ ወይም ለሰርግ ወጪ ብሎ ዛሬ መውሰድ ይሻላልን? ወይስ እስከ እርጅና መታገሥ? ለአንድ ዓመት ብቻ የሠራ ሰው ቢወስድ አይፈረድበትም፤ አምስት ዓመት ያለፈው ግን ከመፈረሙ በፊት በእርጅናው በየወሩ የሚያገኘው ምን ያህል እንደ ሆነ ከጡረታው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ጠይቆ፥ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ቢመክር መልካም ነው።

በዐረብ አገር ለሚሠሩት ልጆቻችን ነገሩ ሌላ ነው። በሳዑዲ ዐረቢያ የሥራ ሕግ የሚተዳደር የውጭ ሠራተኛ ውሉ ሲያበቃ የአገልግሎት ክፍያ ይገባዋል፤ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ለእያንዳንዱ ዓመት የግማሽ ወር፥ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ይታሰባል፤ በራሱ ፈቃድ የለቀቀ ሰው ግን ሊቀነስበት ይችላል። በሰው ቤት የሚሠሩት እኅቶቻችን በዚህ ሕግ ሳይሆን ለብቻው በወጣ ደንብ ይተዳደራሉ፤ ስለዚህ መብታቸው ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በውላቸው ላይ ነው። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዐረቢያ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመለሱ፥ ከእነርሱ ብዙዎቹ ያልተከፈላቸውን ደመወዝ ትተው ባዶ እጃቸውን ገብተዋል። ውሉም የመኖሪያ ፈቃዱም በአሠሪው እጅ የቀረበት ሰው ምን ያህል እንደ ሠራ በምን ያስረዳል? ስለዚህ ልጂቱ ከመሄዷ በፊት የውሏ፥ የፓስፖርቷና የላኪው ድርጅት ፈቃድ ግልባጭ በእናቷ ሣጥን ውስጥ ይግባ። ይህ ትንሽ ሥራ ነው፤ በክፉ ቀን ግን ምስክር ይሆናል።

ወረቀት መኖሩ ብቻም አይበቃም፤ ወረቀቶቹ እርስ በርሳቸው ሊስማሙ ይገባል። እዚህ ላይ እኛን ኢትዮጵያውያንን ሁለት ነገሮች ያስቸግሩናል፤ አንደኛው ስም፥ ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው።

በአገራችን የቤተ ሰብ ስም የሚባል የለም፤ ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል፥ ሴትም ስትዳር የአባቷን ስም አትለውጥም። በአውሮፓ መዝገብ ግን ባልና ሚስት ስማቸው ስለማይመሳሰል የተጋቡ አይመስሉም። በኢሉባቦር ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጨመራል። የልደት ምስክር ወረቀቱ በአፋን ኦሮሞ በቁቤ ተጽፎ፥ ፓስፖርቱ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ይወጣል። ለምሳሌ «ጫልቱ» የሚለው ስም በቁቤ ሲጻፍ የመጀመሪያው ድምፅ አንድ የላቲን ፊደል ይበቃዋል፤ በፓስፖርት ላይ ግን ሁለት ፊደል ይሆናል። በቁቤ የሚደገሙት አናባቢዎችም በፓስፖርቱ ላይ አይደገሙም። ለእኛ አንዲት የሆነችው ጫልቱ በባዕድ መዝገብ ላይ ሁለት ሴት ልትመስል ትችላለች። መድኃኒቱ አስቀድሞ በፓስፖርቱ ላይ የሰፈረውን አጻጻፍ ይዞ በሌላው ወረቀት ሁሉ ያንኑ ማስጻፍ ነው፤ ከዚያ በፊት ልዩነት ከተፈጠረም ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያስረዳ ማስረጃ በጊዜው ማውጣት ነው።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። ከመስከረም 1 ቀን እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን ገደማ በእኛና በእነርሱ መካከል ያለው ልዩነት 7 ዓመት ሲሆን፥ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ነው። ጥር 12 ቀን 1960 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በእነርሱ የተወለደው ጃንዋሪ 21 ቀን 1968 ነው። ቀኑን ሳይለውጥ 1960 ብሎ ያስጻፈ ሰው በመዝገብ በ8 ዓመት ያረጃል። የተለወጠውን ሌላ ጸሐፊ ዳግመኛ ለውጦት 1976 ያደረገበት ደግሞ በወረቀት በ8 ዓመት ጎልምሶ፥ ጠጕሩ ሸብቶ ሳለ ጡረታውን 8 ዓመት ሲጠብቅ ይኖራል። በአገራችንም የጡረታ ሕግ ዕድሜ የሚቆጠረው ሠራተኛው በመጀመሪያ ሲቀጠር ባስመዘገበው የልደት ቀን ነው፤ «ተሳስቼ ነው» ብሎ በኋላ ማስለወጥ አይቻልም።

ስለ አገራችን ጡረታ ካነሣን ዘንድ፥ የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ በ1955 ዓ.ም. በዐዋጅ ቍጥር 209 የጸና ሲሆን፥ የግል ድርጅት ሠራተኞች ግን እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ እንዲህ ያለ ዐዋጅ አልነበራቸውም። በ2014 ዓ.ም. ሁለቱም በአዲስ ዐዋጆች ተተክተዋል። ሠራተኛው ከደመወዙ ከመቶ 7፥ አሠሪው ከመቶ 11 ያዋጣሉ፤ መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 ነው፤ የዘለቄታ አበል ለማግኘትም ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ወጥመድ አለ። ኢትዮጵያ ከእንግሊዝም ሆነ ከጀርመን ጋር የሥራ ዘመንን አደማምሮ የሚያስቈጥር የጡረታ ስምምነት የላትም። ስለዚህ በእንግሊዝ 8 ዓመት፥ በአገሩም 8 ዓመት የሠራ ሰው «16 ዓመት አለኝ» ቢል በሁለቱም ዘንድ አይሰማም። በዚያ ከ10 በታች ስለ ሆነ ምንም አያገኝም፤ በዚህም ዘመኑ ስላልሞላ በየወሩ የሚከፈል አበል ሳይሆን አንድ ጊዜ የሚሰጥ ዳረጎት ብቻ ይደርሰዋል። ሁለት ዓመት ታግሦ ቢሆን ኖሮ በአንዱ ወገን እንኳ የዕድሜ ልክ እንጀራ ባገኘ ነበር። ወላጆች ልጃቸውን «ና፥ ናፍቀንሃል» ብለው ከመጥራታቸው በፊት «ስንት ዓመት ሞላህ?» ብለው ቢጠይቁት የፍቅር ጉድለት አይሆንባቸውም።

የሌላ አገር ዜግነት የወሰዱም አሉ። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የዜግነት ዐዋጅ መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደ ተወ ይቈጠራል። ነገር ግን በ1994 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 270 ለእነዚህ ወገኖች በር ከፍቷል። በተለምዶ «ቢጫ ካርድ» የሚባለውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የያዘ ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፥ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ይቀመጣል፥ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፤ የውጭ ዜጎችን ከጡረታ የሚያገልለውም ድንጋጌ እርሱን አይመለከተውም። መምረጥና መመረጥ፥ እንዲሁም በመከላከያ፥ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች መቀጠር ግን አልተፈቀደለትም። ዜግነቱን ሳይለውጥ የተመለሰ ሰው ይህ ካርድ አያስፈልገውም፤ ፓስፖርቱ ይበቃዋል።

እንግዲህ በቤት ውስጥ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ለወረቀት የሚሆን አንድ ቁልፍ ያለው ሣጥን ይዘጋጅ፤ በእርሱም ውስጥ የሥራ ውል፥ የደመወዝ ወረቀት፥ የግብርና የጡረታ መለያ ቍጥር፥ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀት ይቀመጥ። ቤቱ ቢፈስ እንዳይበሰብስ በላስቲክ ይጠቅለል፤ ግልባጩም በሌላ ዘመድ ቤት ይኑር። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ልደት፥ ጋብቻ፥ ፍቺና ሞት በየቀበሌው ስለሚመዘገቡ «ቆይቶ ይደርሳል» ሳይባል በጊዜው ይመዝገብ።

ሁለተኛው የደብዳቤ ነገር ነው። የውጭ አገር የጡረታ መሥሪያ ቤቶች ባለ መብቱ በሕይወት መኖሩን የሚያረጋግጥ ቅጽ በየጊዜው በፖስታ ይልካሉ፤ ቅጹ ተሞልቶ ካልተመለሰ ክፍያው ይቆማል። በአገራችን ደግሞ ደብዳቤ የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ቍጥር እንጂ በቤት ደጃፍ አይደለም። ስለዚህ የራሱ ሣጥን የሌለው ጡረተኛ የታመነ ሰው ወይም ድርጅት ሣጥን አስፈቅዶ አድራሻውን ያስመዝግብ፤ በየጊዜው የሚጠይቅለትም የቤተ ሰብ አባል ይኑር።

ሦስተኛው ውክልና ነው። በውጭ ያለ ሰው በያዮ ወይም በመቱ ጉዳዩን የሚፈጽምለት ወኪል ሲሾም፥ ሰነዱ በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ መረጋገጥ አለበት፤ ከዚያም በአገር ውስጥ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ያልፋል። ነገር ግን ውክልና ሰጪው ሲሞት አብሮ እንደሚሞት ይታወቅ። ባሏ የሞተባት ሴት በቀድሞው ውክልና ገንዘብ ማውጣት አትችልም፤ በስሟ ልትቆም የምትችለው የጋብቻ ማስረጃዋን ይዛ ነው። በአገራችን ሕግ ለሟች ሚስት ወይም ባል የሚተላለፈው የሟቹ አበል ግማሽ ነው፤ ልጆችም ድርሻ አላቸው። ሚስት የባሏን የጡረታ ቍጥር የማታውቅ ከሆነ ይህ መብት ከለቅሶው ጋር ተቀብሮ ይቀራል። ስለዚህ ባሎች ሆይ፥ ሣጥኑን ለሚስቶቻችሁ አሳዩአቸው፤ ጉዳዩን መንገር ሞትን መጥራት አይደለም።

በመጨረሻም ስለ ደላላ አንድ ነገር እንበል። የእንግሊዝም ሆነ የጀርመን መሥሪያ ቤት ማመልከቻውን ስለ መቀበሉ ገንዘብ አይጠይቅም። ቅጽ መሙላት ያልቻለ ሰው ቋንቋውን የሚያውቅ የተማረ ዘመድ ወይም መምህር ቢያግዘው ይበቃል። ረዳት መቅጠር ነውር ባይሆንም፥ ዋናውን ወረቀት ለደላላ አሳልፎ መስጠት ግን የቤቱን ቁልፍ ለመንገደኛ እንደ መስጠት ነው።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። ቡና ለቃሚ የለቀመውን ሳይሰፍር እንደማያስረክብ ሁሉ፥ በሰው አገር የሠራም ሰው ዘመኑን ሳያስቈጥር አይመለስ። በቤት ያለውም ቤተ ሰብ የሚላክለትን ገንዘብ ሲቀበል የሚላክለትን ወረቀትም በዚያው ክብር ይቀበል፤ ገንዘቡ የዛሬ እንጀራ ነው፥ ወረቀቱ ግን የእርጅና ምርኩዝ ነው።